የመጥረጊያው ጓዳ

በቺሎኤ ደሴት ዝናብ አይጠየቅም፤
መጣ አይባልም፣ ሄደም አይባልም።
ጀልባ የሚደርሰን ሦስቴ ነው በሳምንት፣
ድንች፣ ዱቄት፣ ፖስታ፣ አንዳንዴም መድኃኒት።
ትምህርት ቤታችንም የእንጨት ቅርፊት ለብሶ
ባሕሩን ያየዋል ዳገት ተንተርሶ።

ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩኝ፦
«ልጆቼ ሠላሳ አንድ፣ ኮምፒውተር የለኝ።»
መልሱ ከስንት ወር በጀልባ ደረሰ፣
ማኅተሙ በዝናብ ግማሹ ፈረሰ፤
«በጀቱ የሚበቃው ለአንድ ብቻ ነው» ይላል።
ለአንድ!
ሠላሳ አንድ ልጅ በአንድ ወንበር ይውላል?

የሳልሞን ፋብሪካው ቢሮውን ሲያድስ
ሃያ ሁለት አሮጌ ሊጥል ሲያግበሰብስ
ለመንኩ፤ ሰጡኝ። ዓሣ ዓሣ ይሸታል ጀርባቸው፣
ሲከፈቱ ያቃስታል ሆዳቸው።

ዶርሊሳ ጽዳቷ ጓዳዋን ለቀቀች፣
ባልዲና መጥረጊያ በክንዷ ታቀፈች፤
«ንጉሥህን አስገባ፣ እንዳይረጥብብህ» አለች።
ያችን በበጀቱ የገዛኋትን አንዲት
አስቀመጥኳት ጓዳ፣ መጥረጊያ ከነበረበት።
ከአሮጌዎቹ ሁሉ ዲስካቸውን አወጣሁ፣
በዓሣ ሳጥን ጣልኩት፤ ገመድ ዘረጋሁ።
ዓይን ብቻ ቀሩ፤ አሳቢው ጓዳው ነው፤
ጠዋት ሲቀሰቀሱ «ማን ነኝ?» ነው ጥያቄው፣
ከጓዳው ይላካል ስማቸው፣ ሥራቸው።

ከዚያ ወዲያ ቀላል፤
ለአንዱ ብናገር ሃያ ሁለቱ ይሰማል።
አንድ መዝገበ ቃላት ማታ ብጨምር
ጠዋት ሃያ ሁለት ሆኖ ያድራል ሲቆጠር።
ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ የሚነሣ ትእዛዝ፣
የልጆቹን ጉድፍ፣ የሳምንቱን መዘዝ
ጠርጎ እንደ ሰኞ ጠዋት ንጹሕ የሚያደርገው፣
ጻፍኩና ረሳሁት፤ ራሱ ነው የሚሠራው።

«አንተም ጠራጊ ሆንክ» ብላ ዶርሊሳ ሳቀች፣
«እኔ ግን ጎንበስ እላለሁ፣ የወደቀ እንዳለ» አለች።

ኤልሲራ ዌንቴዮ፣ ዝምተኛዋ ልጅ፣
ስሟን ስጠራ እንኳ የምትመልስ በእጅ፣
ሰባተኛዋ ላይ ሳምንቱን ሰነበተች፤
የአያቷን ቃላት ለቅማ አጠራቀመች።
ለዝናብ የነበረው ስም ሁሉ፦ የሚያንጠባጥብ፣
ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ በጎን የሚዘንብ፣
መረብ የሚያከብድ፣ ድንች የሚያበሰብስ፣
ውሻ የማያነቃ፣ ሕፃን የሚያስለቅስ፣
አርባ ሁለት ስሞች።
ሽማግሌው ያኔ ካስትሮ ሆስፒታል
ምላሱ ተሳስሮ በዝምታ ተኝቷል።

ሰኞ።
ሃያ ሁለቱም በሩ፤ ንጹሕ፣ ሰማያዊ።
ኤልሲራ አላለቀሰች። እጇን አወጣች፤
«ዶን ሮሳሜል፣ ዝናቡ የለም» አለች።

ጓዳውን ዘግቼ ፈለግሁ እስከ ምሽት፤
በደንብ ጠርጌያለሁ፤ ምንም የለበት።
ለካ ስሕተት አይደለም፤
እንዳዘዝኩት ሠርቷል፤ አላጓደለም።
ርካሽ ነው ብዬ ነበር፤ ሒሳቡ ግን መጣ፣
ከማዘጋጃ ቤቱ ሳይሆን ከአንዲት ልጅ ኪስ ወጣ።

ዓሣ ሳጥኑ ውስጥ የጣልኳቸው ዲስኮች፣
የፋብሪካው ሒሳብ፣ የሞቱ ቁጥሮች፣
ሁለቱን መርጬ አጥቤ አገናኘሁ፤
ለሠላሳ አንዱም ልጅ መሳቢያ ከፈልሁ።
አሁን ዓርብ ትእዛዙ ሁሉን ሲጠርግ
ከመሳቢያው ሲደርስ ይላል ፈግፈግ።

ማክሰኞ በጀልባው ካስትሮ ተሻገርን።
ከአልጋው አጠገብ ቆማ፣ ድምፅዋን ሰማን፤
ያስታወሰችውን አንድ በአንድ ስትጠራ
ሽማግሌው ጣቱን ያነሣል፣ ሲያገኛት ከሥፍራ።
አንዱን ስታሳስት ራሱን ነቀነቀ፤
እንደገና ሞከረች፤ ሽማግሌው ሳቀ።
ሃያ ዘጠኝ ተገኘ። ሌላው አልመጣ አለ፤
እሱም ዓይኑን ጨፈነ፣ ድካም እየጣለ።

ዛሬ ዓርብ ነው። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል
ገባሁ ከጓዳዬ፣ መብራት ሳላቃጥል።
ትእዛዙ ሳይነሣ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤
የአንዱን ልጅ ጀልባ፣ የአንዷን ስሌት አገኘሁ፣
በእጄ አነሣሁ።
ውጭ ይዘንባል፤
በጎን አይደለም፣ ቀጥም አይደለም፤
ከጠፉት ከአሥራ ሦስቱ አንዱ ይሆናል።